ሸራው ሸቀጥ ነውን?



ግብር የአገር ምሰሶ መሆኑን አንክድም። መንገዱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ የምንማርበት አዳራሽም የቆመው በግብር ነው። ስለዚህ ሠዓሊ ግብር አይክፈል ብለን አልተነሣንም፤ በሚገባው ሚዛን ተመዝኖ ይክፈል እንላለን እንጂ።

በቦሳ አዲስ የሚኖር አንድ ሠዓሊ አለ እንበል። በጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሣለ። አንድ አታሚ ሥዕሉን በቀን መቁጠሪያ ላይ ለማውጣት ፈቃድ ቢገዛው፣ ገንዘቡ ሮያሊቲ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 በሠንጠረዥ መ ሥር በሮያሊቲ ላይ የጣለው ከጠቅላላው ገቢ 5 ከመቶ ነበር። ያው ሠዓሊ ያንኑ ሥዕል ከነሸራው ቢሸጥ ግን በሠንጠረዥ ሐ ገብቶ ነጋዴ ይሆናል። መዝገብ ከያዘ፣ ትርፉ ከፍ ባለ ቁጥር እስከ 35 ከመቶ ይደርስበታል። እጁ ያው፣ ድካሙ ያው! ታዲያ ጥላው ከአካሉ በምን ተሻለ?

«ነጋዴ ወጪውን ይቀንስ የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪ የሚቀነሰው በማስረጃ ነው። አቡጀዲውን ከገበያ፣ ክፈፉን ከሠፈር አናጢ ለሚገዛ ሠዓሊ ደረሰኙን ማን ይሰጠዋል? ሌሊቱን ሲሥል ያደረበትስ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ይህን ነገር የጅማ ገበሬ ያውቀዋል። ቡና ተክሎ ፍሬውን ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። ሠዓሊም ለዓመታት ሥሎ በአንድ ዓመት ይሸጥ ይሆናል። ሕጉ ግን የሚቈጥረው የሸጠበትን ዓመት ስለሆነ፣ የብዙ ዘመን ድካም በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛው መጣኔ ይወጣል።

ሌላው ዓለም ይህን አስቦበታል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠዓልያንን ገቢ ከግብር ነፃ አደረገች፤ ጣሪያ ያበጀችለት በኋላ ነው። ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ግብሩን በሥዕል መቀበል ያዘች።

እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። አንደኛ፣ ሠዓሊው ራሱ የሚሸጠው ሥዕል እንደ ሮያሊቲው በ5 ከመቶ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ መዝገብ ለመያዝ የመረጠ ሠዓሊ ገቢው በደከመባቸው ዓመታት ተከፋፍሎ ይቈጠርለት።

የሕግና የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ሆይ! ሥዕሉን በግድግዳችን ሰቅለን ማድነቅ ብቻ አይበቃም። ረቂቁን እንጻፍ፤ መምህራኖቻችን ይረሙት፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም እናቅርበው።