ከፊርማ በፊት የሚደረግ ምክክር፦ የነፋስ ኃይልና የአይሻ አርብቶ አደሮች

አል ራሺዲያ፣ ዱባይ — እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዱባይ የተካሄደው 28ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ የተጠናቀቀው፣ የዓለም የታዳሽ ኃይል አቅም እስከ 2030 በሦስት እጥፍ እንዲያድግ ጥሪ በማቅረብ ነበር። በጉባኤው ወቅት መቀመጫውን በዱባይ ያደረገው አሚያ ፓወር በኢትዮጵያ 300 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ለማልማት ስምምነት ተፈራርሟል። የአቡዳቢው ማስዳርም በዚያው ዓመት ጥር ወር ለ500 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማምቷል። ገንዘቡና የኃይል ፍላጎቱ ተገናኝተዋል። የቀረው ጥያቄ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ መቼና እንዴት ይጠየቃል የሚለው ነው።

ለነፋስ ኃይሉ የታሰበው አይሻ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ የሚገኝ ደረቅ ቆላ ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ግጦሽና ውኃ ተከትለው የሚንቀሳቀሱ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ናቸው። ለእንግዳ ዓይን ባዶ የሚመስለው ሜዳ ለእነርሱ የድርቅ ጊዜ መጠባበቂያ፣ የግመል መተላለፊያ ወይም የውኃ መንገድ ሊሆን ይችላል። የነፋስ ተርባይን ራሱ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው፤ በተርባይኖች መካከልም ከብት ሊግጥ ይችላል። የአርብቶ አደሩን ኑሮ የሚወስነው የመዳረሻ መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ፣ የአጥሩ ስፋትና የኤሌክትሪክ መስመሩ አቅጣጫ ነው። እነዚህ ደግሞ በንድፍ ደረጃ በቀላሉ የሚለወጡ፣ ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ግን ብዙ ወጪ የሚያስከትሉ ጉዳዮች ናቸው።

ሕጉ ለዚህ መነሻ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከሚጠቀሙበት መሬት ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ይህንኑ በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ያጠናክረዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሕዝብ ተሳትፎን ይጠይቃል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ አንድ እርምጃ ይራመዳል። መግለጫው በአንቀጽ 32 መንግሥታት የተፈጥሮ ሀብት ፕሮጀክት ከመፍቀዳቸው በፊት የሕዝቦቹን ነፃና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ለማግኘት በቅን ልቦና እንዲመክሩ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቃላት ክብደት አላቸው። ማሳወቅ፣ ማማከርና ማስፈቀድ በአማርኛ ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። በዐረብኛም «ሹራ» መመካከርን እንጂ ያለቀ ውሳኔ ማስታወቅን አያመለክትም። በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ሦስቱም «ሕዝቡ ተወያይቷል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የልዩነቱ ዋጋ በጎረቤት ኬንያ ታይቷል። በማርሳቢት የሚገኘው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋ ዋት አቅም ያለው፣ በአህጉሩ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ነዋሪዎች በ2014 ያቀረቡት ክስ ውሳኔ ያገኘው በ2021 ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጣቢያው ኃይል ማመንጨት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በሜሩ ያስቻለው ፍርድ ቤት ወደ 150,000 ኤከር ለሚጠጋው መሬት የተሰጠው የባለቤትነት ሰነድ ሕጋዊ ሥርዓት እንዳልተከተለ ወሰነ። በኢትዮጵያም በጉጂ የሚገኘው የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃዱ በታደሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ2018፣ በነዋሪዎች የጤና አቤቱታና ተቃውሞ ምክንያት ታግዶ ሥራው ለዓመታት ተቋርጧል። ቀድሞ ያልተሰማ አቤቱታ ዘግይቶ ሲመጣ ባለሀብቱም ነዋሪውም ይከስራሉ።

አይሻ ከእነዚህ የሚለይበት አንድ ዕድል አለው። የኢሳ ማኅበረሰብ «ሄር ኢሴ» የተባለው በቃል የሚተላለፍ ባህላዊ ሕግ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ባለጉዳዮችን አድምጠው፣ መግባባት እስኪደረስ የሚመክሩበት ሥርዓት ነው። ለምክክር አዲስ መድረክ መፍጠር ሳያስፈልግ በነዋሪው ዘንድ የታመነ ተቋም አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሸንጎው ብቻውን በቂ አይሆንም። የሽማግሌዎች ጉባኤ የወንዶች ነው፤ የውኃ ጉድጓዱ ርቀት በየዕለቱ የሚከብዳቸው ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከመንጋቸው ጋር ርቀው የሄዱ ወጣቶችም ስብሰባው በተጠራበት ሳምንት ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ምክክሩ መንጋው ወደ አካባቢው በሚመለስበት ወቅት፣ በሶማሊኛና በቃል፣ ሴቶች ለብቻቸው የሚናገሩበት ጊዜ ተመድቦለት መካሄድ ይኖርበታል። የመንገዱና የመስመሩ ንድፍም ገና ክፍት ሳለ በካርታ ላይ መታየት አለበት።

የምክክር እውነተኛ መለኪያ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ብዛት አይደለም። ነዋሪው ከተናገረ በኋላ በንድፉ ላይ ምን ተለወጠ? ያልተለወጠውስ በምን ምክንያት? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ፕሮጀክት በዱባይ ለተገባው የታዳሽ ኃይል ቃል በአይሻ ሜዳ ላይ ጽኑ መሠረት ይጥላል።