የካርዱ ደረጃና የፈተናው ነጥብ

በ2014 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 3.3 መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በገለጸ ጊዜ፣ ድንጋጤው ከተማ ገጠር ሳይል ሁሉን ቤት እኩል የመታ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን እኩል አልነበረም። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ተቀምጦ ልጁን በግል አስጠኚ የሚያስጠና ወላጅ፣ ክፉው ወሬ ከመድረሱ በፊት ልጁ በየትኛው ትምህርት እንደሚደክም ቢያንስ ጥርጣሬ ነበረው። በምዕራብ ጎጃም በወምበርማ ወረዳ፣ በሽንዲ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖረው ገበሬ ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ ስለ ልጁ ትምህርት ከመልካም በቀር ሌላ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። በየመንፈቁ ካርድ ተቀብሏል፤ «ጎበዝ ልጅ አለህ» ተብሎ ተመስግኗል፤ በመጨረሻው ሰዓት ያ ሁሉ ምስጋና ከንቱ ሆኖ ተገኘ። ወላጅ የልጁን እውነተኛ ልክ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው፤ ይህንንም ሳይሸፍኑ መንገር የትምህርት ቤት ግዴታ ነው ብዬ ስለማምን ይህን እጽፋለሁ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በዚያ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በብቃት የሚገኘውን ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጡበትን ሥርዓት በሰንጠረዥ አውጥተው ለሕዝብ ይገልጡታል። ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ እናቱ አማካይ ውጤቱ ይህን ያህል፣ የመግቢያ ፈተናው ነጥብ ደግሞ ይህን ያህል ቢሆን ከክፍያው ምን ያህሉ እንደሚቀርለት አስልታ፣ አራቱን ዓመት ከልጇ ጋር ስትዘጋጅ ትኖራለች። በእኛ አገር ግን ለድኻ ልጅ የተከፈተው ነፃ የትምህርት ዕድል በመሠረቱ አንድ ነው፤ እርሱም በመንግሥት ወጪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 ያህሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍል ቢሆንም፣ በመግቢያው ቀን ከአባቱ ከረጢት የሚጠየቅ ገንዘብ ስለሌለ፣ በርበሬና በቆሎ አምርቶ ለሚያድር ቤተሰብ ይህ በር የነፃ ዕድል ያህል ነው። የሚያውቀው ሌላ በርም የለውም።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ሲጀምር፣ ፈተናውን ያለፈ ወጣት ከነምግቡና ከነመኝታው በመንግሥት እጅ ይማር ነበር፤ ሽማግሎቻችንም የ12ኛ ክፍሉን ፈተና እስከ ዛሬ ድረስ «ማትሪክ» እያሉ የሚጠሩት ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። ያን ጊዜ ግን የተማሪው ቁጥር ጥቂት፣ መምህሩና ተማሪው የሚተዋወቁ፣ የአንዱም ድካም ከሌላው የማይሰወር ነበር። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በአንድ ሚዛን ሲመዘን፣ ሚዛኑ ምን እንደሆነ ወላጅ ካላወቀ መመዘኑ ለወላጁ ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

ካርድ የሚሰጥበትን ቀን እንመልከት። የበርበሬው ለቀማ አልቆ፣ ምርቱም ለገበያ ወጥቶ፣ አባት ጋቢውን ተከናንቦ በትሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ ከሌሎች አባቶችና እናቶች ጋር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር የልጁን ስም ጠርቶ ካርዱን ሲሰጠው፣ አባት ፊደል ቢያውቅም ባያውቅም የመጀመሪያ ጥያቄው አንዲት ናት፦ «ስንተኛ ወጣ?» መምህሩም «3ኛ» ይለዋል። አባት ይመርቃል፤ በፊርማው ፈንታ የአውራ ጣቱን አሻራ በካርዱ ላይ አኑሮ ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚያ ካርድ ላይ በሒሳብ 52፣ በፊዚክስ 49 ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃው 3ኛ ስለሆነ ማንም ወደዚያ ዓይኑን አልመለሰም። 3ኛ መውጣት ከማን 3ኛ መውጣት ነው? ከ60 ወይም ከ70 ተማሪዎች መካከል ነው፤ እነዚያም እንደ እርሱ አንድ መጽሐፍ ለብዙ የሚካፈሉ፣ ቤተ ሙከራ በስም እንጂ በሥራ የማያውቁ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መባቻ መጽሐፉ በጊዜ ሳይደርሳቸው የተማሩ ናቸው። ደረጃ ልጁን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ያስተያየዋል እንጂ ዩኒቨርሲቲ ከሚጠይቀው ከመቶ 50 ጋር አያስተያየውም። የወምበርማው አባት ሲያነበው የኖረው ደረጃን ነው፤ የአገሪቱ ፈተና የሚያነበው ግን ነጥብን ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያስረዳው የለም።

ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይህን በከፊል ያስረዳ ነበር። ያ ፈተና ብዙ ወጣት ያለጊዜው ከትምህርት መንገድ እንዲወጣ ያደርግ ስለነበር መቅረቱ ያስወቅሳል አልልም፤ ቢሆንም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ አራት ዓመት ሙሉ ልጁን ከመምህሩ በቀር የሚመዝነው የለም። ፈተናው ቀርቶ በስፍራው የተተካ ነገር ባለመኖሩ፣ የወላጁ መስታወት ተሰብሮ ቀረ።

በዚህ ረገድ የአባቶቻችን ቅኔ ቤት ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። በጎጃም ምድር በዋሸራም ይሁን በሌላው ጉባኤ፣ ቅኔ የሚማረው ተማሪ ቀኑን በየዱሩና በየጥጋቱ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያን ጊዜውኑ ያርመዋል፣ ያቃናዋል፣ ካልሆነም ይጥለዋል። ጉባኤ ቃናን ሳያደላድል ዘአምላኪየን፣ ዘአምላኪየን ሳያጠና ሚበዝኁን አይሻገርም፤ እንዲህ እያለ በዋዜማና በሥላሴ በዘይእዜም አልፎ ወደ መወድስ ይደርሳል። ያ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ የሚማር ድኻ ቢሆንም፣ በትምህርቱ ከወዴት እንደ ደረሰና ምን እንደሚቀረው ሳያውቅ ያደረበት ሌሊት አልነበረም። የኛ ተማሪ ግን 12ኛ ክፍል ደርሶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ለፈተናው ወደተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ተጉዞ፣ ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ የራሱን ልክ ላያውቅ ይችላል።

ፈተናው መጥበቁን አልነቅፍም። በ2008 ዓ.ም. የጥያቄው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝ የደረሰበትን ውርደት የሚያስታውስ ሰው፣ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተናቸውን ቢደግፍ እንጂ አይቃወምም። የማለፊያውም ነጥብ ዝቅ ይበል አልልም፤ ያለፉት ከመቶ 3.2 በ2015፣ 5.4 በ2016፣ 8.4 በ2017 ዓ.ም. መሆናቸው ጥቂት በጥቂት መሻሻል እንዳለ ያሳያል። ነገር ግን አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሚኒስቴሩ ራሱ ነግሮናል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ 1ኛ የወጣ ልጅ ነበረ፤ ለእርሱም ያጨበጨበ አባት ነበረ።

በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የቆየው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ብዙ ተማሪ ዓመቱን አጣ፤ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ማመልከቻው፣ ምዝገባው፣ ውጤቱ፣ ምደባው ሁሉ በኢንተርኔት በሚሠራበት ዘመን፣ ይህ መቋረጥ ለገጠሩ ልጅ ከመጽሐፍ እጦት የማያንስ ጉዳት ነበር።

ከዋናው በር ሌላ ጥቂት ትናንሽ በሮችም አሉ፤ የሚያውቃቸው ግን ከተሜው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ወደዚያ መግባት የሚመኝ ልጅ ከብሔራዊው ፈተና በተጨማሪ ለዚህም መዘጋጀት አለበት። በደብረ ብርሃን ያለው ኃይለ ማናስ አካዳሚ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በውድድር ተማሪ ይቀበላል፤ ክፍያውንም በቤተሰቡ አቅም ልክ ያደርጋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ዕድል በተለይ አካል ጉዳተኛ የሆኑ ወጣቶችን ያስባል። የቱርክ መንግሥት በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ማመልከቻ ይቀበላል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ ከመቶ 70፣ ለሕክምና ከመቶ 90 አማካይ ውጤት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ያ ቸል የተባለው የካርድ ነጥብ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ፣ ትራንስክሪፕት በሚባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቆጠራል።

ከነጥቡም በላይ አንዳንዴ ስም ልጁን ያስቀረዋል። በ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ በክርስትና ስሙ የተጻፈ ልጅ፣ በ12ኛ ክፍል አድሚሽን ካርዱ ላይ በቤት ስሙ ይጻፋል፤ የአያቱም ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት ይሰፍራል። የልደት የምስክር ወረቀት በሚወጣበት ቀን ሦስተኛ አጻጻፍ ይጨመራል። ይህን ለማስተካከል ከሽንዲ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ካልሆነም ከቡሬ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ባሕር ዳር መመላለስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ደግሞ ይህ ምልልስ የሕይወት አደጋ አለበት። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲመዘገብ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ ሥራ፣ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የወራት እንግልት ይሆናል።

ስለ ሪሚዲያልም አንድ ቃል ልናገር። ከመቶ 50 ሳይሞላላቸው መቁረጫ ነጥቡ ላይ የደረሱ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ መደረጉ መልካም ሥራ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ልጁ ለሪሚዲያል ሲጠራ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብሎ ጠላ ጠምቆ፣ ጎረቤት ጠርቶ ያስመርቃል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ልጁ የማካካሻውን ፈተና ሳያልፍ ሲመለስ፣ ሐዘኑና ኀፍረቱ ከመጀመሪያው ይከፋል። ልጁም በሰፈሩ መካከል ራሱን ቀና አድርጎ መሄድ ያቅተዋል። ይህ ሁሉ ሊመጣ የቻለው አንድ ሰው ለአባቱ «ገና ነው፤ ሌላ ፈተና ይቀረዋል» ብሎ ስላልነገረው ነው።

የወምበርማ ገበሬ ነገርን አስቀድሞ ማሰብ አያውቅም የሚል ቢኖር ሐሰት ተናገረ። የበርበሬውን ችግኝ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በመደብ ላይ አፍልቶ፣ ዝናቡ ሲረጋ ወደ ማሳው የሚያዛውረው እርሱ ነው። ልጁ ስንቁን ተሸክሞ ሽንዲ ቤት ተከራይቶ እንዲማር በሶውን፣ ድርቆሹንና ዳቦውን አዘጋጅታ የምትልክ እናትም አራት ዓመት የምትደክመው ያለ አሳብ አይደለም። የጎደለው ትጋት አይደለም፤ የጎደለው የሚተጋበትን ነገር የሚነግር ሰው ነው። ልጁ በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ሲመርጥ፣ ያ ምርጫ ሕክምና ወይም ሕግ የሚማርበትን መንገድ እንደሚለይለት ወላጁን አስጠርቶ ያማከረ ስንት ነው? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ በቋንቋው ደካማነት ብቻ ሊወድቅ እንደሚችል የነገረውስ?

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የማቀርበው ልመና ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በካርዱ ላይ ከደረጃው ጎን፣ ተማሪው በሞዴል ፈተና ከመቶ ስንት እንዳመጣና ማለፊያው 50 መሆኑ በአማርኛ ይጻፍ፤ ይህም በ12ኛ ክፍል ሳይሆን በ9ኛ ክፍል ይጀመር። የማመልከቻ ወራትና የሚያስፈልጉ ወረቀቶች በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበያ ቀንና በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነገሩ፤ ካህናቱም ይህን ለመናገር እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ከወምበርማ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በባሕር ማዶ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተ በዚህ በር ያለፋችሁ ናችሁና፣ ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ስትመጡ ከአንድ ሳምንታችሁ ሁለት ቀን ቆርሳችሁ የ9ኛ ክፍል ልጆችን ወረቀት እየተመለከታችሁ ስማቸውን በአንድ አጻጻፍ አስተካክሉላቸው፤ ለአባቶቻቸውም ነጥቡን አንብቡላቸው። ምዝገባ የሚከፈተው ከመስከረም በፊት ነው፤ ሥራው ከዚያ ሳምንት ይጀመር።