ንጉሥም፣ ተሸካሚም

ሴሲል ቢ. ደሚል በ1956 በሠራው «አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ አለ። ሙሴ ገና የግብፅ ልዑል ሳለ ከደቡብ ዘመቻ ተመልሶ በፈርዖን ዙፋን ፊት ያቀርበዋል፤ እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅና እንደ ደቡብ በር ጠባቂ። ንጉሡ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ አቋሙ እንደ ዋርካ የጸና ሰው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይታይና ከፊልሙ ይወጣል። ፊልሙን ደግማችሁ በጥንቃቄ ብታዩት ግን ያንኑ ሰው የንግሥና ልብሱን አውልቆ ታገኙታላችሁ፤ የፈርዖን ልጅ ተቀምጣ የምትጓዝበትን ወንበር በትከሻቸው ከሚሸከሙት ባሮች አንዱ ሆኖ!

አንድ ሰው፣ በአንድ ፊልም፣ ንጉሥም ተሸካሚም። ይህ ሰው ዉዲ ስትሮድ ይባላል። የካውቦይ ፊልም ወዳጅ የሆነ ሁሉ መልኩን ያውቀዋል፤ ስሙን ብትጠይቁት ግን «ያ ጥቁሩ፣ ያ ራሱን የተላጨው ረጅሙ» ይላችኋል። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስትሮድ የተወለደው በ1914 በሎስ አንጀለስ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም በዘመኑ አሜሪካን ያስተዳድር የነበረው ፕሬዚዳንት ስም ነበር፤ ዉድሮው ዊልሰን። በዚያ ፕሬዚዳንት ዘመን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች እንዲለያዩ ተደርጓል። ልጁ ግን አድጎ መለያየትን ካፈረሱት አንዱ ሆነ። በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ እግር ኳስ ዋናው ሊግ ከ1934 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት የውድድር ዘመን አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም ነበር። በ1946 የሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ያንን በር ሲከፍት የገቡት ሁለት ሰዎች ኬኒ ዋሽንግተንና ዉዲ ስትሮድ ነበሩ። ስትሮድ በሊጉ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር ዋንጫ አነሣ፤ ነጻ ትግልም ተጋጠመ፤ በመጨረሻም ያ ግዙፍ ሰውነቱ ወደ ፊልም ሠሪዎች መንደር አደረሰው።

ሆሊዉድም ሰውነቱን ወደደለት፤ አንደበቱን ግን ብዙም አልፈለገውም። የሥራ ዘመኑ ሁሉ ታሪክ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በ1960 «ስፓርታከስ» ውስጥ ድራባ የተባለውን ግላዲያተር ሆኖ ተጫወተ። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ሊነግረው አይወድም፤ ነገ እርስ በርስ እንዲገዳደሉ ሊታዘዙ ይችላሉና ስም አለማወቁ ይሻላል ባይ ነው። ነገሩም እንደ ፈራው ይሆናል። ሁለቱ ለሮማውያን መዝናኛ ሲጋጠሙ ድራባ ያሸንፋል፤ ጦሩንም በስፓርታከስ አንገት ላይ ይደግናል። ግን አይወጋውም። ዞሮ ጦሩን ከላይ ተቀምጠው ወደሚመለከቱት ጌቶች ይወረውርና ራሱ ወደ እነርሱ መውጣት ይጀምራል፤ በዚያው ይገደላል። የባሮቹ አመፅ የተጸነሰው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። የፊልሙ ስም «ስፓርታከስ» ይባል እንጂ የመጀመሪያው «እምቢ» የድራባ ነው። ስትሮድ በዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ የረዳት ተዋናይነት ሽልማት ታጨ።

በዚያው ዓመት ጆን ፎርድ በ«ሳጅን ረትሌጅ» የጥቁር ፈረሰኞችን ሳጅን ማዕረግ ሰጠው። ሳጅኑ አንዲት ነጭ ልጃገረድን ደፍሮ ገድሏል፣ የጦር አዛዥ አባቷንም ገድሏል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ይከሰሳል። ማምለጥ ሲችል ጓደኞቹን ከሞት ለማዳን ይመለሳል። ልብ በሉ፤ የፊልሙ ርዕስ የእርሱ ገፀ ባሕርይ ስም ነው፤ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ ከነጮቹ ተዋንያን በኋላ ተጻፈ። ታሪኩም በአብዛኛው የሚነገረን በሌሎች ምስክሮች አፍ ነው። በመጨረሻ እርሱ ራሱ በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው መሆኑን ሲናገር ግን ያ ሁሉ የታመቀ ድምፅ አንድ ጊዜ ይፈነዳል።

የምሟገትበት ፊልም ግን ሌላ ነው፤ ፎርድ በ1962 የሠራው «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው»። ስትሮድ እዚህ ፖምፔ ነው፤ የጆን ዌይን ማለትም የቶም ዶኒፎን ሎሌ። ጠበቃው ስቶዳርድ በትንሿ ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ ትልልቆችንም ሕፃናትንም ያስተምራል። ፖምፔን አስነሥቶ የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ እንዲወጣ ይጠይቀዋል። ፖምፔ ይጀምራል፤ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የምትለው ሐረግ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። መምህሩም ብዙ ሰው ያችን እንደሚረሳት ነግሮ ያጽናናዋል። ወዲያው ደግሞ ዶኒፎን መጥቶ ሎሌውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ይህን ትዕይንት ስንቱ የፊልም ሐያሲ አሞግሶታል! እኔም አደንቀዋለሁ። ፎርድ አገሩን በአንዲት የተረሳች ሐረግ ወቅሷታል። ነገር ግን እንጠይቅ፤ ያችን ሐረግ እንዲረሳ የተመረጠው ለምን ፖምፔ ሆነ? ከዚያ ክፍል ውስጥ ያችን ሐረግ ሊረሳት የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እርሱ አልነበረምን? ወቀሳው የአገሪቱ ነው፤ የረሺነቱ ውርደት ግን በጥቁሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። እዚህም ተሸካሚ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስታውሱ። ጉዱ ካሳ ዋና ባለታሪክ አይደለም፤ ፍቅሩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው። ደራሲው ግን ለዚያ ዳር ለቆመ ሰው አንደበት ሰጠው፤ እብድ እየተባለም ቢሆን እውነቱን እንዲናገር ፈቀደለት። ለፖምፔ ግን የተሰጠው ዝምታ ነው። ሎሌነቱን ወደ ሰውነት ያሻገረው ስትሮድ ራሱ ነው፤ በአቋሙና በዓይኑ። ጌታው ቤቱን በእሳት ሲለኩስ ከነበልባል የሚያወጣው ፖምፔ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ረስቶት ሳለ፣ በጌታው የሬሳ ሣጥን አጠገብ ፀጉሩ ሸብቶ የተቀመጠውም እርሱ ነው። ሴናተር የሆነው ስቶዳርድ ሊሰናበት ሲነሣ በእጁ ገንዘብ ያስጨብጠዋል። ያችን ገንዘብ ሲቀበል የሚታየውን ፊት አይቼ አልጠግብም፤ ምስጋናም ቅያሜም አይደለም፤ ሁሉን አይቶ ምንም ያልተጠየቀ ሰው ፊት ነው።

«ትንሽ ሚና የለም፤ ትንሽ ተዋናይ እንጂ» የሚሉ አሉ። አባባሉ ያምራል፤ ለስትሮድ ሲነገር ግን ማድበስበሻ ይሆናል። ትንሽ ሚና አለ! የእርሱም ሚና ትንሽ የሆነው ችሎታው ስላነሰ ሳይሆን ቆዳው ጥቁር ስለሆነ ነው። «ግርማ ሞገስ ነበረው» የሚለው ዘወትር የሚደገም ውዳሴም ያሳስበኛል። ግርማ ሞገሱ እውነት ነው፤ ግን ቃሉን ለነፈግነው ሰው ግርማውን ብቻ ማወደስ ለተሸካሚ «ትከሻህ ያምራል» እንደ ማለት ነው። በእርግጥ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ስትሮድ ፎርድን እንደ አባት ይወድ ነበር፤ በ1973 ፎርድ ሲሞትም ከአልጋው አጠገብ ነበር። ያ ፍቅር ግን የእርሱ ነው፤ ለእኛ የፍርድ ሚዛን አይሆንም።

የሚገርመው ፊቱን በሚገባ ያዩለት ባዕዳን ናቸው። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሌዮኔ በ1968 «በምዕራብ ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ በሠራው ፊልም መክፈቻ ላይ ሦስት ነፍሰ ገዳዮች በአንድ የበረሃ ባቡር ጣቢያ ይጠብቃሉ። ስትሮድ ከውኃ ጋን ሥር ቆሟል። ጠብታ በተላጨ ራሱ ላይ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን ይደፋል፤ ጠብታው እየተጠራቀመ ይሞላል፤ በመጨረሻም አውልቆ ይጠጣዋል። በዚያ ሁሉ ጥበቃ ቃል አይወጣውም፤ ካሜራው ግን ከፊቱ አይሸሽም። በዚያው ዓመት ሌላው ጣሊያናዊ ቫሌሪዮ ዙርሊኒ በፓትሪስ ሉሙምባ አምሳል የተቀረጸ የአፍሪካ መሪ አድርጎ በመሪ ተዋናይነት አሠራው። የአገሩ ልጆች ያልሰጡትን ቃል ለማግኘት ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1993 ማሪዮ ቫን ፒብልስ «ፖሲ» የተሰኘውን የጥቁር ካውቦዮች ፊልም ሲሠራ አረጋዊውን ስትሮድን ተራኪ አደረገው። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ዘመን ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበረ ይገምታሉ፤ ሆሊዉድ ግን ለአሥርታት እንዳልነበሩ አድርጎ አሳየን። እናም ያ ለአርባ ዓመታት ያህል ዳር ቆሞ የኖረ ሽማግሌ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየ የተረሱትን ያስታውሳል፤ ይናገራል። ስትሮድ በታኅሣሥ 31 ቀን 1994፣ በ80 ዓመቱ፣ ዐረፈ።

ፖምፔ ሐረጓን አልረሳትም ነበር። ተራው እስኪደርስ ድረስ በልቡ ይዟት ኖረ እንጂ።