«አንድ ጉርሻ ምን ታደርገዋለች?»



ስንዴ የማይስማማው ልጅ ያላትን እናት በየለቅሶውና በየድግሱ «አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው» ማለት እንደ ጨዋታ ተይዟል። ጨዋታ አይደለም። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ያለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ሲበላ፣ የገዛ ሰውነቱ ትንሹን አንጀት ያቆስለዋል። ልጁ ቢበላም አይፋፋም፤ ሆዱ ይነፋል፣ ደም ያንሰዋል። ጠንቁ ስንዴ መሆኑን ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም በ1950 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳይቷል። ዛሬም ቢሆን ዕድሜ ልክ ከመጠንቀቅ በቀር ፈውስ አልተገኘለትም።

«ታዲያ የጤፍ አገር ሰው ምን ቸገረው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለበትም። ግን የጤፍ እየተባለ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ የጤፍ ነው ወይ? ጤፍ ሲወደድ ስንዴና ገብስ የሚደባልቅ መኖሩን ማን ያጣዋል! መደባለቁን አንነቅፍም፣ ኑሮ ነው። ሩዝና በቆሎ ቢሆን እንዲያውም ለዚህ ልጅ አይጎዳውም። የምንነቅፈው፣ ሲጠየቁ «ንጹሕ ጤፍ ነው» ብለው የሚምሉትን ነው።

እናቲቱማ ምን ያላደረገችው አለ? ስንዴ የማይፈጭበት ወፍጮ ፍለጋ ስንት ሰፈር አቋርጣ ትሄዳለች። ሽሮውንም በርበሬውንም እንዲሁ። እርሾ ከጎረቤት አትዋስም፤ የጎረቤት ሊጥ ምን እንደገባበት በምን ታውቃለች? ምጣዷም፣ ሰፌዷም ለብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለፍታ፣ ዘወር ስትል አንዷ «አንድ ጉርሻ ምን ታደርገዋለች» ብላ አምባሻ ታጎርሰዋለች! ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ግሉተን እንዳያልፍ ይላል። የአምባሻው ጉርሻ ከዚህ ጋር ምን ይወዳደራል? (በሽታው ያለበት አዋቂ ከሆነ ደግሞ፣ ጠላውም ቢራውም ገብስ መሆኑ አይረሳ።)

ስለዚህ ለዕድራችን ወጥ ቤት ለብቻው የሚቀመጥ አንድ ምጣድ፣ አንድ ድስትና አንድ ጭልፋ ይገዛ። ለዕድሩ እንጀራ የሚያቀርቡ ሁሉ የደባለቁትን እህል በግልጽ ይናገሩ፤ የደበቀ ከእንግዲህ እንዳያቀርብ በሚመጣው ስብሰባ ይወሰንልን።