ሰባቱ ወገኖቻችን

ቆቦ ላይ ከአዛውንት ጋር ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ያወራ ሰው ኮረምን ሳያነሳ አይነሳም። ከአላማጣ በላይ ባለችው በዚያች ብርዳም ከተማ የተከማቸውን ረሃብተኛ ዓለም በቢቢሲ ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነበር። የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ለኢትዮጵያ እርዳታ ከተሟገቱት ፊተኞቹ መካከል ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲበር፣ የተሳፈረባት ትንሽ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ጠፋች። ከዋሽንግተን ጋር ዓይንና ናጫ የነበረው የደርግ መንግሥት እንኳ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ገብተው እንዲፈልጉ ፈቀደ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ። ከተሳፈሩት 16 ሰዎች የተረፈ አልነበረም።

ነሐሴ ደመና ከተራራ ጋር የሚጋጠምበት ወር ነው። የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ መሬቱን በዓይኑ እያየ ሲሄድ ጉም ከዋጠው፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ እያለ፣ መሪው በእጁ እያለ፣ ተራራው ድንገት ፊቱ ይቆማል። የዞብልንና የላስታን ሰንሰለት በክረምት ያየ የራያ ሰው ይህን መረዳት አይከብደውም።

ሂዩስተን ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያዋን አንድ ሕንጻ በልጇ በሌላንድ ስም ሰይማለች፤ ይገባዋል። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ከሟቾቹ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አውሮፕላኗ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበረች፤ በእርዳታው ስንዴ ዘመን ከራያ ሰው አፍ የማይጠፋው ያው መሥሪያ ቤት። እነዚያ ሰባቱ ግን የት ተጻፉ? ልጆቻቸው አባታቸው ለምን እንደሞተ የሚያነቡበት አንድ ድንጋይ አለ?

ሰው ለተራበ ሰው ሲሄድ ሞተ ብሎ ዝም ማለት ለወሎ ሰው ነውር ነው፤ እኛ በሰው እጅ ተርፈናል። የአደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መዛግብት ይፈትሽና ስሞቹን ያውጣ። የቆቦ ከተማ አስተዳደር ደግሞ በከተማው መሐል ሰሌዳ ያቁም። ሌላንድም ይጻፍበት፤ ሰባቱ ግን ከላይ ይጻፉ።