እግሩ ብረት የገባለት ልጅ ይተኛ ወይስ ይነሣ?



ባለፈው ክረምት አዘዞ ውስጥ አንድ ቤት ለዚያራ ገብተን ነበር። የቤቱ ልጅ ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላው የባጃጅ ሾፌር ነው። ጭቃ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ በግራም በቀኝም ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለትና ብረት ከነብሎኑ ገብቶለት ከሆስፒታል ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። እናቱ አልጋውን ወደ ሳሎን አውጥተው፣ ከሥሩ ሳይጠፉ እያጎረሱ፣ «አርባ ቀን ሳይሞላ ይህች እግር መሬት አትነካም» ብለው ፈርደዋል። ልጁ ደግሞ ከትራሱ ሥር ሐኪሞቹ የሰጡትን ወረቀት እያወጣ፣ «እማ፣ ጣቶችህን አንቀሳቅስ፣ በክራንች ተነሥ ነው እኮ ያሉኝ» ይላል። ዳኝነቱ ለእንግዶች ተሰጠና እኛም ሳናመነታ ከእናትየው ጎን ቆምን። «ተኛ የኔ ወንድም፤ አላህ ያሽርህ፤ ምን ያስቸኩልሃል?» አልነው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ዝም አለ።

ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ ነገሩ ከነከነንና ባለሙያ ጠየቅን፣ አነበብንም። ፍርዳችን የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ የሰጠነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ለእናትየው እንከራከርላቸው። «የተሰበረ ነገር ይረፍ» ማለት የአላዋቂ ሐሳብ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የነበረው የአጥንት ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ፣ የተሰበረ አካል ረዥምና ያልተቋረጠ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ አጥብቆ ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን የፈረንሳዩ ሉካስ ሻምፒዮኔር፣ አይደለም፣ በልኩ መንቀሳቀስ ነው የሚያድነው ብሎ ተነሣ። ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሳይስማሙ ኖረዋል። ስለዚህ የአዘዞዋ እናት ብቻቸውን አልነበሩም።

ነገሩን የለወጠው ብረቱ ነው። ስብራት በጀሶ ብቻ ሲታከም አጥንቱን የሚይዘው ከውጭ ያለው ጀሶ ስለሆነ፣ መገጣጠሚያውም አብሮ መታሰር ግድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. 13 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው የተሰበረውን አጥንት ከውስጥ በብረትና በብሎን አጥብቆ በማሰር፣ ሕመምተኛው አጥንቱ እስኪገጥም ሳይጠብቅ መገጣጠሚያውን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነበር። እነዚህ ሐኪሞች አጥንቱ ድኖ እግሩ የማይሠራበትን ሁኔታ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መድረቅን፣ የጡንቻ መክሳትን፣ የአጥንት መሳሳትን፣ ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ፣ ብረቱን አስገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር መተኛት ማለት በሬ ገዝቶ ማሳውን በዶማ እንደ መቈፈር ነው።

አልጋ ላይ የሚቀር ሰው ምን ያገኘዋል? መጀመሪያ የሚታየው ባቱ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከጤነኛው እግር ጋር ሲያስተያዩት ይከሳል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው እግሩ ሲንቀሳቀስ ከሚታለበው ፈሳሽ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ደም በባት ውስጥ ረግቶ፣ ተቈርጦም ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ይህ ደግሞ ሰውን ይገድላል። ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 አልጋ ላይ መዋል ስለሚያመጣው አደጋ ጽፎ የሙያ ጓደኞቹን አስጠንቅቆ ነበር።

«ተነሣ» ሲባል ግን በማግሥቱ ባጃጅ ይንዳ ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋናው ሥራ እብጠቱን መቀነስና ቁስሉን መጠበቅ ነው። እግሩን በትራስ ከደረት ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በዚህ እናትየው ልክ ነበሩ። ሆኖም በዚያው ጊዜ ጣቶች፣ ጉልበትና ጭን በየሰዓቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሕመምተኛውም በታመመው እግር ሳይረግጥ በክራንች ተነሥቶ ሽንት ቤት ይሄዳል። ቁስሉ ሳይደርቅ ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ የቁስል ችግር ሊያበዛ ስለሚችል፣ ብዙ ሐኪሞች ለዚህ ስፌቱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ ይጀመራል። በአውራ ጣት አየር ላይ ሀ ሁ ሂ መጻፍም ጥሩ ልምምድ ነው፤ የቤቱ ሕፃናት ፊደሉን እንዲያርሙ ቢደረግ ልምምዱ አይሰለችም።

መቼ ይረገጥበት የሚለው እስከ ቅርብ ጊዜ ያከራክር ነበር። የተለመደው ስድስት ሳምንት መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በእንግሊዝ በ23 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 561 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ግማሹን ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዲረግጡ አደረገ። ከአራት ወር በኋላ ሲመዘኑ ቀድመው የረገጡት በምንም አላነሱም፤ የደረሰባቸውም ጉዳት ከሌሎቹ የበዛ አልነበረም።

ይህ ግን ለሁሉም የሚሠራ ፈቃድ አይደለም። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ፣ አጥንቱ ብዙ ቦታ የደቀቀ ወይም የሳሳ፣ ቁስሉ መግል የያዘ ሰው ጉዳዩ የተለየ ነው። መቼ እንደሚረግጥ የሚነግረው ብረቱን ያስገባው ሐኪም ነው። ፍርዳችንን እንዳስተካከልን ለልጁ በስልክ ያልነውም ይህንኑ ነበር፦ «ወረቀቱን ከትራሱ ሥር አውጣና የቀጠሮህን ቀን ተመልከት።»

በጥናቱ ያልተነሣ አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። እንግሊዛዊው የሚቀመጠው በወንበር ነው፤ ሽንት ቤቱም እንደዚያው። እኛ ግን ቁጢጥ እንላለን፤ ሶላት ላይም በእግራችን ላይ እንቀመጣለን። ቁጢጥ ለማለት ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት አጥብቆ መታጠፍ አለበት፤ ለወራት ታስሮ የደረቀ እግር ይህን እሺ አይልም። ስለዚህ መድረቅ ከሌላው ይልቅ እኛን ይጎዳል። እስከዚያው ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ እንደሚሰግድ፣ ለውዱእም በጀሶው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚበቃ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። ጀሶውን ለማጠብ ብለው የሚያርሱት ሰዎች ስላሉ ነው ይህን መናገራችን።

ወጌሻ መጥራትንም ዝም ብለን አናልፍም። ወጌሻዎቻችን ወለምታን የሚያቃኑ ባለውለታዎች ናቸው። ብረት የገባበትን እግር በቅቤ ማሸት ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ግን ደም እንዳይደርስ ከልክሎ እግሩን እስከ ማስቈረጥ ሊያደርስ ይችላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቈሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ባቱ በድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ቁስሉ መግል ካወጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ለአዘዞ ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑም ልምምዱን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያሳይ ሰው እዚያው ይገኛል።

ልጁን በቅርቡ ለጁሙዓ ሲሄድ አገኘነው። በአንድ ክራንች ነው የሚራመደው፤ ማምሻውን እግሩ ትንሽ ያብጣል፤ ይህ ለወራት ሊቈይ እንደሚችል ነግረውታል። እናቱስ ምን አሉ ብንለው ሳቀ። እስከ በሩ ድረስ ዱካ ይዘው ነው የሚከተሉት።