ቱሪዝም ከወረርሽኝ በኋላ እንዴት ያገግማል? ከታይላንድ እስከ ላሊበላ

በየዓመቱ በገና ሰሞን ላሊበላ ነጠላ በለበሱ ምዕመናን ትሞላለች። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. በተከበረው በዓል እንኳ ምዕመናኑ አልቀሩም። የቀሩት የውጭ አገር ጎብኚዎች ናቸው። የከተማዋ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎች፣ የበቅሎ አከራዮች እና የባህል ልብስ ነጋዴዎች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ግን በእነዚያ በቀሩት እንግዶች ነበር።

ይህ ሁኔታ ከወረርሽኙ በኋላ በርካታ አገራት የተጋፈጡትን ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ከተማ ኑሮውን በአንድ ዓይነት እንግዳ ላይ ሲመሠርት፣ ያ እንግዳ የቀረ ዕለት ምን ይሆናል?

ቁጥሩ ተመልሷል፤ እንግዳው ግን ተለውጧል

እንደ ተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት መረጃ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ድንበር ተሻግረው የተጓዙ ጎብኚዎች ቁጥር 1.46 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2020 ይህ ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። በ2024 ግን ወደ 1.4 ቢሊዮን ተመልሷል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ዘርፉ አገግሟል ማለት ይቻላል። በየአገሩ ሲታይ ግን መልኩ ይለያያል።

ታይላንድ በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ጎብኚዎችን ተቀብላ ነበር። ከእነዚህ መካከል 11 ሚሊዮን ያህሉ ቻይናውያን ነበሩ። አገሪቱ በሐምሌ 2021 የፉኬት ደሴትን ለተከተቡ ጎብኚዎች ስትከፍት፣ መንገደኞቹ በሆቴል ክፍል ተዘግተው እንዲቆዩ አላስገደደችም። ወደ ሌላ የአገሪቱ ክፍል ከመሻገራቸው በፊት ግን 14 ቀናትን በደሴቲቱ ማሳለፍ ነበረባቸው። የደሴቲቱ ነዋሪዎችም ቅድሚያ ክትባት እንዲያገኙ ተደርጓል።

በ2024 የታይላንድ ጎብኚዎች ቁጥር ከ35 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የቻይናውያኑ ቁጥር ግን 7 ሚሊዮን አልሞላም። የጎደለውን በከፊል የሞሉት እንደ ማሌዥያ፣ ሕንድ እና ሩሲያ ካሉ አገራት የመጡ መንገደኞች ናቸው። ታይላንድ የቻይናውያንን መመለስ ብቻ ብትጠብቅ ኖሮ ማገገሟ እጅግ በዘገየ ነበር።

ሩዋንዳ ደግሞ ፊቷን ወደ ቅርብ እንግዶች አዙራ ነበር። የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት 1,500 ዶላር ይከፈልበት የነበረውን ፈቃድ፣ በ2020 ለዜጎቿ እና ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነዋሪዎች ለጊዜው ወደ 200 ዶላር አውርዳለች።

በላሊበላ ወረርሽኝ እና ጦርነት ተደራረቡ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሳይሞላ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላሊበላ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ለመንግሥት የተመለሰችው ከወራት በኋላ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎች እና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄድ ውጊያ መድረክ ሆኗል።

በዚህ የተነሳ የላሊበላን ጉዳት የበሽታ እና የጦርነት ብሎ ለመለየት ያስቸግራል። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አንድ አካባቢ እንዳይጓዙ ሲያስጠነቅቁ፣ ብዙ የመድን ድርጅቶች ለጉዞው ሽፋን አይሰጡም። መድን የሌለውን ጉዞ ደግሞ አስጎብኚ ድርጅት ለመሸጥ ይቸገራል። ስለዚህ ከተማዋ ለሳምንታት ጸጥ ብትል እንኳ ጎብኚው ወዲያው አይመለስም።

የሩቁ ቤተሰብ እና የቅርቡ እንግዳ

ከጦርነቱ ድንጋጤ ቀድሞ የተመለሰው በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን እና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ ማድረጉ ይታወሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ወላጆቹን ለመጠየቅ፣ በዓል ለማክበር ወይም ስለት ለማድረስ ይጓዛል። እንዲመጣ የሚያደርገው ከማስታወቂያ ይልቅ ዝምድና ነው። ሆኖም በአንድ ወቅት ጥሪ የሚመጣ እንግዳ ዓመቱን ሙሉ የሆቴል ሠራተኛ ደመወዝ ሊሸፍን አይችልም።

ከወረርሽኙ ወዲህ አዳዲስ መዳረሻዎችም ተከፍተዋል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ የሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ጎርጎራን፣ ወንጪን እና ኮይሻን ያካትታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ዶላር ለያዘው ጎብኚ ቆይታውን ያረክስለታል፤ ደመወዙን በብር ለሚያገኘው ቤተሰብ ግን በዶላር የተተመነው ክፍል ይበልጥ ይርቅበታል። የአገሬው ሰው የማይደፍራቸው መዳረሻዎች የላሊበላን ድክመት መድገማቸው አይቀርም።

ስንቁን ይዞ በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምዕመን በወረርሽኙም ጊዜ ታማኝነቱን አሳይቷል። እርሱን እንደ ገበያ ብቻ መቁጠር ተገቢ ባይሆንም፣ በአቅሙ የሚያድርበት ማረፊያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ እና የሕክምና አገልግሎት ቢዘጋጅለት ለእርሱም ለከተማዋ ነዋሪም ይጠቅማል። የውጭው ጎብኚ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ላይ ተጨማሪ ገቢ ይሆናል። ለሁሉም መንገደኛ ግን መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፤ ይህን በዋጋ ቅናሽም ሆነ በማስታወቂያ መተካት አይቻልም።